ደርሶ መልስ አዲስ አበባ ሮዳጅ አይደለም

ስለ ስፖርት መኪና ፍሪሲዮን ማሻሻልና ማለማመድ፤ ኮምቦልቻ ላይ ለመካኒኮች፣ ለሾፌሮችና ለመኪና ወዳጆች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑና ጠረጴዛው ዙሪያ ቁሙ። የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ስላመጣሁ ቅርብ መሆኑ ይሻላል።

በየጋራዡ የሚሰማ አንድ ታሪክ አለ። ሰውየው ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ (ከካምቢዮው) የሚያገናኘውንና የሚለየውን ክፍል፣ ያስቀይራል። መካኒኩ «800 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ሮዳጅ፣ ማለትም ማለማመጃ፣ ላይ ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳው» ይለዋል። በነጋታው አዲስ አበባ ጉዳይ አለው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሄዶ ሲመለስ 800 ሞላ። «ሮዳጁን ጨርሻለሁ» ይልና ከዚያ ወዲያ እንዳሻው ይረግጠዋል።

ሂሳቡ ልክ ነው። ሥራው ግን አልተሠራም። ረጅም መንገድ ላይ ፍሪሲዮኑ ተጨምቆ፣ ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ ሆኖ ነው የሚዞረው። ሸራው፣ ማለትም ዲስኩ የለበሰው ንጣፍ፣ ከብረቱ ጋር አይፋተግም። ካልተፋተገ ደግሞ አይላመድም። ፍሪሲዮንን የሚያለማምደው ኪሎ ሜትር ሳይሆን መርገጥና መልቀቅ ነው። ዛሬ ብዙ ነገር አነሳለሁ፤ ዞሬ ዞሬ የምመጣው ግን እዚሁ ላይ ነው።

ርዕሱ የስፖርት መኪና ነው ሲባል የሳቃችሁትን አይቻለሁ። እውነት ነው፣ በባጃጅና በአይሱዙ መሀል ስፖርት መኪና በየቀኑ አናይም። ግን አሉ። ግቢ ውስጥ ልብስ ለብሰው የበዓል ቀን ብቻ የሚወጡም አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። እጁ ላይ ያለችውን ጠግኖ፣ ከቻለም አሻሽሎ መያዝ የሚፈልግ ወጣት ጋራዥ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ እንዘጋጅ። ኮሮላና ቪትዝ የምትነዱም ጆሯችሁን ስጡኝ፤ አብዛኛው ነገር እናንተንም ይመለከታል።

ለምሳሌ እንዲሆነን ቶዮታ 86ን እንያዝ። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሯት ባለ ሁለት በር መኪና ናት። የወጣችው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሯ ባለ 2 ሊትር ነው፤ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም። 200 የፈረስ ጉልበትና 205 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) አላት። የምትነዳው በኋላ ጎማዋ ነው። ቀላል ናት፣ ማርሿ አጭር ነው፣ ለመንዳት ደስ ትላለች።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ይህ ከባድ ክብ ብረት ቮላኖ ነው፤ ከሞተሩ ክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ ይታሰራል። ይህ ጠፍጣፋው ዲስክ ነው፤ ግራና ቀኙን ሸራ ለብሷል፤ መሀሉ ላይ ያለው ጥርስ የካምቢዮው ዘንግ ላይ ይሰካል። ይህ ደግሞ ፕሬዠር ፕሌት ነው። ቮላኖው ላይ በብሎን ታስሮ ዲስኩን መሀል ላይ ይጨምቀዋል። የሚጨምቅበትን ጉልበት የሚያገኘው ጀርባው ላይ ከተዘረጋው ሞላ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ይገፋል፣ ጭመቃው ይላላል፣ ዲስኩ ነጻ ይወጣል። ስትለቁት ተመልሶ ይጨመቃል።

ይቺን አሮጌ ዲስክ እየተቀባበላችሁ እዩዋት። ሸራው አልቆ ከሪቬቱ ራስ ጋር እኩል ሆኗል። አብራው ከወጣችው ቮላኖ ላይ ሪቬቱ የፋቀውን ክብ መስመር አያችሁት? ጥፍራችሁን አስኪዱበት፤ ይይዛችኋል። እነዚህ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ደግሞ የሙቀት ጠባሳ ናቸው። ብረቱ እዚያ እዚያ ቦታ ላይ ግሎ፣ ቶሎ ቀዝቅዞ፣ ከአካባቢው ይልቅ ጠጥሯል። ሸራውን አሽትቱት። መኪናው ከቆመ ስንት ጊዜው ነው፣ ሽታው ግን አሁንም አለ። መሀል ላይ ያሉትን ትንንሽ ሞላዎች በጣታችሁ ነካ አድርጓቸው፤ ይንቀጫቀጫሉ። አዲሱ ላይ አንዱም አይነቃነቅም። ይህ ዲስክ ኪሎ ሜትር ሞልቶ ያለቀ አይደለም። በሙቀት የሞተ ነው።

ፍሪሲዮን ማሻሻል ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ይህን ለመመለስ የፍሪሲዮን አቅም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብን። አራት ነገሮች ናቸው። ሸራው ምን ያህል ይይዛል፣ ሞላው ምን ያህል ይጨምቃል፣ ሸራው ከመሀሉ ምን ያህል ይርቃል፣ የሚፋተጉት ገጾች ስንት ናቸው። አራቱን አባዟቸው፣ አቅሙን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ያህል ሸራው ከተጨመቀበት ኃይል 0.3 ያህሉን ይያዝ፤ ጭመቃው 5000 ኒውተን ይሁን፤ አማካይ ርቀቱ 0.096 ሜትር ይሁን፤ አንድ ዲስክ ፊትና ጀርባ ስላለው ገጹ 2 ነው። ሲባዛ 288 ኒውተን ሜትር ይመጣል። ቁጥሩ የቶዮታዋ አይደለም፤ ለሂሳቡ ያመጣሁት ነው። 205 የሚሰጥ ሞተር ላይ ብንገጥመው 40 በመቶ ትርፍ አቅም አለው። ጤነኛ ፍሪሲዮን እንዲህ ትርፍ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወሎ ላይ እናምጣው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ነው የሚስበው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 205 የተባለው ደሴ ላይ ወደ 155 ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። ፍሪሲዮኑ ግን አየር አይስብም። አሰብ ወደብ ላይ 288 የያዘ ፍሪሲዮን ደሴ ፒያሳም ላይ 288 ይይዛል።

ይህን አስቡበት። ሞተሩን ካልነካችሁት፣ ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ካልጨመራችሁ፣ እዚህ አገር የፋብሪካው ፍሪሲዮን ከበቂም በላይ ነው። «መኪናዬ ስፖርት ስለሆነች ስቴጅ 3 የሚባለው የተጠናከረ ፍሪሲዮን ይግባላት» የሚል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ምን እንደተሠራ ጠይቁት። ምንም ካልተሠራ ገንዘቡን ለጎማ ያውለው። «ግን እኮ ያዳልጣል» ካላችሁ፣ የሚያዳልጠው አቅም አንሶት አይደለም። ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ ከሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ዘይት እየተረጨበት ነው፣ ወይ የካቦው ወይም የፔዳሉ ማስተካከያ ተወጥሮ ሙሉ በሙሉ እንዳይጨመቅ አድርጎታል። ወይም ደግሞ አነዳዱ ነው።

ስለ አነዳዱ ላውራ፤ ከፍታው በዚህ በኩል ይበቀላልና። ሞተሩ ከታች ጉልበት ሲያጣ ነጂው ምን ያደርጋል? ነዳጅ ይጨምራል፤ ሞተሩን አስጩሆ በግማሽ ፍሪሲዮን ይነሳል። በጦሳ ተራራ ጥግ ያሉትን የደሴ ሰፈሮች ታውቋቸዋላችሁ። አቀበት ላይ ፊት ለፊት ባጃጅ ይመጣል። የእጅ ፍሬን መሳብ ስለሚሰለቸው መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ ይቆማል። ይህ ስንት ሙቀት እንደሚያመነጭ እንቁጠር። ቶዮታዋ ሁለት ሰው ጭና 1400 ኪሎ ትሁን። አቀበቱ 10 በመቶ ይሁን፤ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር እየዞረ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ እንድትቆም ዲስኩ ላይ ከ4 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚስበው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። ማለትም ሰውየው ባጃጇ እስክታልፍ ድረስ ካምቢዮው ቤት ውስጥ ምጣድ ጥዶ ቆሟል። ለዚያውም ቮላኖው አየር በማያገኝበት በተዘጋ ቦታ። ከዚያ «ፌክ ዕቃ ሸጡልኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

እሺ፣ ሞተሩ በእርግጥ ተነክቷል እንበል። ቱርቦ ገብቷል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታው ብዙም አይጎዳውም፤ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ደሴም ላይ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይቆያል። ያኔ ማሻሻል ግድ ነው። ከአራቱ የትኛውን እንጨምር?

ርቀቱን ማብዛት፣ ማለትም ትልቅ ዲስክ ማስገባት፣ ቤቱ ስለማይበቃው ብዙ ጊዜ አይሆንም። ጭመቃውን መጨመር ቀላሉ መንገድ ነው፤ ጠንካራ ሞላ ያለው ፕሬዠር ፕሌት መግጠም ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ግራ እግራችሁ ነው። ፔዳሉ ይከብዳል። ከዚያም በላይ በረገጣችሁ ቁጥር ያ ሁሉ ኃይል ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በሞተሩ ውስጥ ግፊቱን የሚችለው ብሮንዚን ላይ ጫና ይበዛል። ቀይ መብራት ላይ ፔዳሉን ረግጦ የሚጠብቅ ሰው ይህን ይወቅ። ፎሌ አስገቡና፣ ማለትም ከማርሽ አውጡና፣ እግራችሁን አንሱ።

የገጹን ብዛት መጨመር ሁለት ዲስክ ማስገባት ነው። ገጹ ከ2 ወደ 4 ይሄዳል፤ አቅሙ በእጥፍ ያድጋል፤ ፔዳሉም ሰው የሚረግጠው ሆኖ ይቀራል። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ዋጋውን ስትሰሙ ግን እናንተ ላትወዱት ትችላላችሁ።

የቀረው ሸራው ነው። እዚህ ላይ ሻጩ ብዙ ያወራላችኋል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እወቁት። ኦርጋኒክ የሚባለው የፋብሪካው ዓይነት ነው። ክርና ሙጫ፣ አንዳንዴም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተቀላቅሎበት የተጋገረ ነው። ለስላሳ ነው፣ ሲነሳ አይደነብርም፣ ቶሎ ይላመዳል። ብዙ ሙቀት ግን አይወድም። ኬቭላር ለስላሳም ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሮዳጁ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ገና ሳይላመድ ካሞቃችሁት ገጹ እንደ መስታወት ያብለጨልጭና መያዝ ያቆማል፤ ከዚያ ወደ ነበረበት መመለሱ ከባድ ነው። ሴራሚክ የሚባለው ደግሞ ይህ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሌላው ነው፤ ሙሉ ክብ አይደለም፣ አራት ወይም ስድስት ቁራጭ ነው። ሙቀት አይፈራም፣ በደንብ ይይዛል። ግን መሀል የለውም። ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል። እሽቅድምድም ላይ ጥሩ ነው። ሰኞ ገበያ ግፊያ ውስጥ ግን በየአምስት ሜትሩ እየደነበረ ሰው ያስቅባችኋል፣ ቮላኖውንም ይበላዋል።

ስቴጅ 1፣ ስቴጅ 2 የሚባለው ነገር ደግሞ የጋራ መለኪያ የለውም። የአንዱ አምራች ስቴጅ 2 የሌላው ስቴጅ 1 ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት ኒውተን ሜትር ይችላል?» ብላችሁ ነው። ሻጩ ቁጥሩን መናገር ካቃተው ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ድረስ ብትሄዱም ጥያቄው ያው ነው። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ከሞተሩ ጉልበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ትርፍ ያለው ኦርጋኒክ ይበቃል። ከዚያ በላይ መግዛት ለወሬ ነው።

ቀላል ቮላኖ ስለመግጠምም የሚጠይቀኝ አለ። ሞተሩ ቶሎ ይጮሃል፣ ማርሽ ሲቀየር ዙሩ ቶሎ ይወርዳል፤ ደስ ይላል። ግን ከባድ ቮላኖ ለመነሻ የሚሆን ጉልበት አጠራቅሞ ይይዛል። ቀለል ስታደርጉት አቀበት ላይ ሲነሱ ሞተር ማጥፋት ይበዛል፤ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጨመራል፤ ነዳጅ ሲጨመር ሸራው ይቃጠላል። ለደሴ አቀበት አልመክርም።

አሁን ወደ ገጠማው። ገጠማው ከተበላሸ ሮዳጅ አያድነውም። መጀመሪያ አቧራው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ርካሽ ሸራ ውስጥ ዛሬም ላለመኖሩ ማረጋገጫ የለንም። ካምቢዮው ወርዶ ያ ጥቁር አቧራ ሲታይ ኮምፕሬሰር አንስታችሁ ፉ አታድርጉት። በሳንባችሁ ነው የምትስቡት፤ በሽታው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ወይም የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ንፉበት። አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ረዳት ልጆችንም ከአጠገቡ አርቁ።

ቮላኖው ገጹ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት (ብረት መላጊያ) ይሂድ። አሮጌ ገጽ ላይ አዲስ ሸራ መግጠም ሮዳጁን ከመጀመሩ በፊት ማበላሸት ነው። እነዚያ ሰማያዊ ነጠብጣቦች በብርጭቆ ወረቀት አይጠፉም፤ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ጥልቅ ከሆኑ ቮላኖው ራሱ ይቀየራል። በመሀሉ ሞላ ያለውን ድርብ ቮላኖ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቶርኖ አይነኩትም፤ መሀሉ ላልቶ ከሆነ ይቀየራል።

አዲሱን ዲስክ ከማሰራችሁ በፊት በካምቢዮው ዘንግ ላይ ሰክታችሁ አንሸራቱት። በነጻነት መሄድና መመለስ አለበት። ጥርሱ ላይ ግራሶ ቀቡ፤ ግን በጣም ስስ። የተረፈውን ጥረጉት፤ ካልጠረጋችሁት ሞተሩ ሲዞር ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል። አዲስ ፕሬዠር ፕሌት ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል። ያንን በማጽጃ እጠቡት። ሸራውን በዘይታማ እጅ አትንኩ። የዲስኩ ፊትና ጀርባ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ቮላኖ የሚዞረው ጎን ላይ ተጽፎበታል፤ አንብቡት። ከዚያ ዲስኩን መሀል ላይ የሚይዘውን መሣሪያ አስገቡ። ከሌላችሁ የዚያው ዓይነት አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ይሠራል። በዓይን ግምት ግን አይሆንም።

ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ የለም። በመስቀል፣ ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ፤ መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ። አለበለዚያ ፕሬዠር ፕሌቱ ይጣመማል፤ ከዚያ ደንበኛው «ስነሳ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ይመለሳል። ካምቢዮውን ስትመልሱ ደግሞ ክብደቱ በዘንጉ በኩል ዲስኩ ላይ እንዲንጠለጠል አትፍቀዱ። ግማሽ ገብቶ «ሻይ ጠጥተን እንምጣ» የምትሉትን ነገር ተዉት። የዲስኩን መሀል ያጣምመዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ኩሽኔታዎቹን ቀይሩ፤ የኋላውን ፓራኦሊዮም ቀይሩ። ትልቁ ወጪ የእጅ ሥራው ነው። ደንበኛው «እሱ ደህና ነው፣ ይቆይ» ቢላችሁም አስረዱት። ለዚያች ትንሽ ዕቃ ሲባል ካምቢዮ ሁለተኛ ማውረድ የማንንም ቀን ያበላሻል።

አሁን ሮዳጁ። መኪናው ተገጥሞ ወጥቷል። አዲሱ ሸራ ለዓይን ልሙጥ ነው፤ በትክክል ሲታይ ግን ከፍ ዝቅ ያለ ገጽ ነው። ቶርኖ የወጣው ቮላኖም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚነካኩት ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ላይ 288 ያልነው አቅም ገና የለም። በእያንዳንዱ መነሳት ከፍ ያለው ትንሽ ይፋቃል፣ የሚነካካው ስፋት ይጨምራል። ሸራው ውስጥ ያለው ሙጫ ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ይበስላል። ብረቱ ላይም ስስ የሸራ ሽፋን ይጋገራል። በኋላ ለስላሳ አያያዝ የሚሰጠው ያ ሽፋን ነው። ሙቀቱ በትንሽ በትንሹ፣ መሀል ላይ እየቀዘቀዘ ከመጣ ይህ ሁሉ ይሳካል። ባንዴ ከመጣ ሙጫው ወደ ላይ ይወጣና ገጹ ያብለጨልጫል። ያ ፍሪሲዮን አዲስ ሆኖ አርጅቷል።

አሁን ወደዚያ አዲስ አበባ ደርሶ ወደመጣው ሰው እንመለስ። መንገዱ ላይ ማርሽ የቀየረው ጥቂት ጊዜ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ደግሞ ታርማበርን ወጥቷል። ከ1300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3000 ሜትር በላይ መውጣቱ ነው፤ በከባድ ጭነት፣ ነዳጅ ረግጦ፣ ገና ግማሽ ገጹ ብቻ በሚነካካ ፍሪሲዮን። መላመድ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ አላላመደውም፤ ማረፍ ያለበት ቦታ ላይ ጫነው።

ለራሳችሁ ፈትኑት። ከደሴ ፒያሳ ሰኞ ገበያ እስክትደርሱ ፔዳሉን ስንቴ እንደረገጣችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ከሐይቅ ውጫሌ ድረስ ቁጠሩ። የትኛው ሮዳጅ እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ስለዚህ ፍሪሲዮን የቀየረ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ይንዳ እላለሁ። ሜዳ ናት፤ መቆሚያና መነሻ ሞልቷታል። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሱ፣ ገበያ ሂዱ፣ ዘመድ ጠይቁ። ለኦርጋኒክ ሸራ እንዲህ ያለ የከተማ መንዳት 800 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ኬቭላር ከሆነ እስከ 1600 ድረስ ታገሱ። ሲነሱ ሞተሩን አታስጩሁ፤ ከ1500 ዙር ሳያልፍ ተነሱ፣ ፔዳሉን በለስላሳ ግን ሳታንዛዙ ጨርሳችሁ ልቀቁ። ሙሉ ነዳጅ አትርገጡ። ከ3500 ወይም 4000 ዙር አትለፉ። ጎማ ማስጮህ፣ ሌላ መኪና መጎተት፣ አምስት ሰው ጭኖ አቀበት መውጣት፣ እነዚህ ይቆዩ።

ደሴ የምትኖሩስ? አቀበቱን ማስቀረት አይቻልም። የእጅ ፍሬን ተጠቀሙ። መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ይሁን፤ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ወጥታችሁ ስትጨርሱ ሽታ ከመጣ ቆም ብላችሁ አሳርፉት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሽታ ያለ ነገር ነው። ጭስ ግን የለም። ትንሽ መንቀጥቀጥም ሊኖር ይችላል፤ እየቀነሰ መሄድ አለበት። እየባሰ ከሄደ ዘይት ነክቶታል ወይም ገጠማው ላይ ችግር አለ።

የሐረጎን ቁልቁለትም ልንካ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ «ቁልቁለት ስለሆነ ለሮዳጅ አይከብደውም» ይሉኛል። አይከብደውም፤ ግን አይጠቅመውም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ተጨምቆ ነው የሚዞረው። በፎሌ የሚወርድም አለ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይቆርጠዋል። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። በፎሌ መውረድ ነዳጅም አይቆጥብ፣ ፍሬንም አያተርፍ። ሌላው ደግሞ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ። ትንሽ ክብደት እንኳ ኩሽኔታውን ያዞረዋል፣ ጭመቃውንም ይቀንሳል።

በካቦ የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ የፔዳሉን ትርፍ መንገድ እዩት። ሸራው ሲላመድ ይህ ትርፍ ይጠብባል፤ ጨርሶ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይጨመቅም። በዘይት የሚሠራው ራሱን ያስተካክላል፤ ዘይቱን ብቻ አዲስ አድርጉለት፣ አየሩንም አስወጡለት።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ ልቀበል።

ባጃጅ የምትነዳው ወንድሜ «የእኔስ ሮዳጅ አለው ወይ?» አልከኝ። የባጃጅ ፍሪሲዮን ሌላ ዓይነት ነው። ብዙ ትንንሽ ዲስኮች ተደራርበው በሞተር ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ያንተ ትልቁ ጉዳይ ዘይቱ ነው። ለቤት መኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት ግጭትን የሚቀንስ ቅመም አለው፤ ላንተ ዲስኮች አይሆንም፣ ያዳልጣል። ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጀርባው ላይ JASO MA (ጃሶ ኤምኤ) የሚል ያለበትን ግዛ። ሰው ሦስት አራት ጭነህ አቀበት ስትወጣ በግማሽ ፍሪሲዮን አትጎትት፤ ማርሹን ቀንስ።

እህቴ፣ «ኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ይህ ሁሉ ትምህርት ምን ይሠራል?» አልሽ። ኤሌክትሪኳ ፍሪሲዮን የላትም፤ ሞተሯ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይጎትታል፤ ከፍታም አይነካትም። ደሴ ላይ ከሚነዱት ሁሉ የተሻለች ናት ብል አልዋሸሁም። ግን አሁን ጋራዥ በር ላይ ተሰልፎ የቆመውን ማን ይጠግነዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ «ሮዳጁ ማለቁን በምን አውቃለሁ?» ነው። ኪሎ ሜትሩ በከተማ ከሞላ በኋላ ብቻ፣ ባዶና ሜዳ መንገድ ፈልጉ። በአራተኛ ማርሽ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሆናችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጡት። ዓይናችሁን የሞተር ዙር ቆጣሪው ላይ ጣል አድርጉ። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከወጡ ይዟል። ዙሩ ዘሎ ወጥቶ ፍጥነቱ ከኋላ ከቀረ እያዳለጠ ነው፤ ወዲያው እግራችሁን አንሱ፣ ሙከራውን አትደጋግሙት። ካምቢዮ ለማውረድ ግን አትሩጡ። መጀመሪያ የፔዳሉን ትርፍ መንገድ ለኩ፤ ከዚያ ከሥር ገብታችሁ በካምቢዮውና በሞተሩ መገናኛ በኩል ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ያኔ ይውረድ።